«ከሽፎብኝ አያውቅም»፦ ስለ ሽጉጥ አስተማማኝነት

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለጥበቃ ሠራተኞችና ፈቃድ ላላቸው የሽጉጥ ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ተረኛነት ሳታርፉ እንደመጣችሁ አውቃለሁና አመሰግናለሁ። ዛሬ የማነሣው ሁላችሁም መንገድ ላይ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝን ነገር ነው፤ «ከሽጉጥ የማይከሽፈው የትኛው ነው?» የምትሉትን። 30 ዓመት ያህል በጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል ስሠራ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። መልስ አለኝ፤ እናገረዋለሁም። ስሙን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ግን በአንድ ሽጉጥ ታሪክ ልጀምር።

ባለፈው ጥር አንድ አባት ከመንዝ መጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ማካሮቭ ከነፈቃዱ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህን ከያዝኩ 30 ዓመት አልፎኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ከሽፎብኝ አያውቅም። ወንዱ ልጄ በሕጉ መሠረት ሊረከበኝ ነውና እይልኝ» አሉኝ። «አባቴ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ጥይት ተኩሰውበታል?» አልኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ሁለት ለወንድማቸው ለቅሶ፣ አንድ ጅብ በረት የሰበረ ሌሊት፣ ሁለት ደግሞ የገዙት ዕለት ለሙከራ። አምስት።

ካዝናውን አወጣሁ። ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደውን ብረት፣ እኛ ተንሸራታች የምንለውን፣ ስስበው ማር ውስጥ እንደተነከረ ማንኪያ እያዘገመ መጣ። ስለቀው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ፈትቼ ባየው ውስጡን ሁሉ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ለብሶታል፤ በድስት ጠርዝ ላይ ደርቆ እንደቀረ ዘይት። በጥፍሬ ብፍቀው እንደ ቅርፊት ተነሣ። «በምን ነው የሚቀቡት?» አልኳቸው። «በኑግ ዘይት፤ በየዓመቱ ለመስቀል» አሉኝ።

የኑግ ዘይት ለወጥ የተባረከ ነው፤ ለብረት ግን አይሆንም። አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይወፍርና ቆዳ ያበጃል። የማሽን ዘይት እንዲህ አይሆንም። እኒያ አባት ሽጉጣቸውን ባይወዱት ኖሮ ይሻለው ነበር፤ በየዓመቱ በፍቅር ሲቀቡት፣ በየዓመቱ አንድ ሽፋን ሲጨምሩበት ነው የኖሩት።

ሆኖም «ከሽፎብኝ አያውቅም» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ አልዋሹም። አምስቱም ጥይት ተተኩሷል። ችግሩ ያለው አምስት በምትለዋ ቁጥር ላይ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ከ4 ጥይት አንዱን የሚያከሽፍ፣ ማንም ሰው በወገቡ ሊታጠቀው የማይገባ ብልሹ ሽጉጥ አለ እንበል። ይህ ብልሹ ሽጉጥ አምስት ጥይት በተከታታይ ያለ እንከን የመተኮስ ዕድሉ ከ4 አንድ ያህል ነው። ባለቤቱም ዕድሜውን ሙሉ «ከሽፎብኝ አያውቅም» እያለ ሊምል ይችላል። ስሌት የሚያውቁ ሰዎች ለዚህ ቀላል መለኪያ አላቸው፦ ያለ እንከን የተኮስከውን ጥይት ቁጥር ለ3 አካፍለው፤ የምታገኘው ቁጥር 100 ከሆነ «ከ100 ጥይት ከአንድ በላይ አይከሽፍም» ብለህ በአመዛኙ መናገር ትችላለህ። ማለትም ይህን ለመናገር 300 ጥይት ያለ አንድ እንከን መተኮስ አለብህ። ከእኛ መካከል 300 ጥይት ለሙከራ ብቻ የሚያወጣ ማን ነው? ለዚህም ነው የትኛው ሞዴል ከየትኛው ይሻላል ሲባል የጎረቤትን ምስክርነት ትተን መንግሥታት በብዙ ሺህ ጥይት ያደረጉትን ሙከራ የምንመለከተው።

ከእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ ሁልጊዜ የማነሣው እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካኖች ያደረጉትን ነው። ሁለት ሽጉጦች ቀረቡ፦ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ኮልትና ሳቬጅ የሚባለው። ለእያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት ተመደበ። ሲግሉ ውኃ ውስጥ እየተነከሩ ሁለት ቀን ተተኮሰባቸው። ኮልቱ አንድም ጊዜ ሳይቆም ጨረሰ። ሳቬጁ 37 ጊዜ ተሰናከለ። ኮልቱ አሸነፈና ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ ሆነ።

ይህን ቁጥር እባካችሁ አስተውሉት። ከ6,000 ጥይት 37 ማለት ከ160 ጥይት አንድ ያህል ነው። ያንን የተሸነፈ ሳቬጅ አንድ ሰው ዛሬ አምጥቶ ፊታችሁ 8 ጥይት ቢተኩስበት፣ ከ20 ጊዜ 19ኙን ያለ እንከን ይጨርስላችኋል። ኮልቱም ይጨርስላችኋል። በአንድ ካዝና ጥይት ሁለቱን መለየት አይቻልም! ገዢ «ተኩሰህ አሳየኝ» ሲል፣ ሻጭም ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ሲያጮህ በሰማሁ ቁጥር ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ደግሞም እኛ «ከሸፈ» የምንለው ብዙ የተለያየ ነገር ነው። ምላጩ ተስቦ መርፌው የጥይቱን ቂጥ መትቶ ጥይቱ ዝም ካለ፣ በእርግጥ ከሽፏል፤ እዚህ ላይ ጥይቱን ወይም መርፌውን እንጠረጥራለን። የተተኮሰው ቀለሃ ሳይወጣ ውስጥ ከቀረ ቀለሃውን ስቦ የሚያወጣውን ጥፍር፣ ወይም ጥይቱ የሚተኛበትን የቆሸሸ ጉሮሮ እናያለን። አዲሱ ጥይት ሊጎርስ ሲሄድ አፍንጫው ተደግፎ ከተቀረቀረ ደግሞ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ እጄ የሚሄደው ወደ ካዝናው ነው። ጥይቱን በመጨረሻ የሚለቁት ሁለቱ የካዝና ከንፈሮች በጣም ስስ ቆርቆሮ ናቸው። ካዝና ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ ሲወድቅ የምንሰማት ያቺ ትንሽ ድምፅ የሽጉጡን ጠባይ ትቀይረዋለች። ሽጉጡን ሳይሆን ካዝናውን ቁጠሩ። ሁለት ካላችሁ አንዱን 1፣ ሌላውን 2 ብላችሁ በቀለም ጻፉበት፤ ሲቀረቀር የትኛው እንደነበረ ያኔ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሞዴሎቹ ልግባ። በእኛ አካባቢ በብዛት ከማውቀው ከማካሮቭ እጀምራለሁ።

ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ሽጉጥ ነው። 8 ጥይት ይይዛል፤ ባዶውን 730 ግራም ያህል ይመዝናል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አይነቃነቅም። ተንሸራታቹን ወደ ፊት የሚይዘው የራሱ ክብደትና በአፈሙዙ ዙሪያ የተጠመጠመው ሞላ ብቻ ነው። የእጀታውን ልባስ ፈትታችሁ ከኋላ በኩል ያለውን ጠፍጣፋ ሞላ ብታዩ ደግሞ የንድፉን ጥበብ ትረዱታላችሁ። ያ አንድ ቁራጭ ብረት ላይኛው ጫፉ መርፌውን የሚመታውን መምቻ ይገፋል፤ ምላጩንም ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ታችኛው ጫፉ ታጥፎ ካዝናውን ከሥር ይይዛል። ሌሎች ሽጉጦች በሦስት ሞላ የሚሠሩትን ይህ በአንድ ሠራው። የሌለ ዕቃ አይሰበርም፤ አይጠፋም፤ በተሳሳተ ቦታም አይገጠምም። ማካሮቭን ጨለማ ውስጥ መፍታትና መግጠም የሚችሉ ብዙ ወታደሮች አውቃለሁ። ከጎኑ ያለውን መቆለፊያ ወደ ላይ ስታነሡት ደግሞ የተወጠረውን መምቻ ያለ አደጋ ያወርደዋል፤ ተንሸራታቹንም ይቆልፈዋል።

ጉድለቱንም ልናገር። ጥይቱ ደካማ ነው ከሚባሉት ወገን ነው፤ ምላጩም ለመጀመሪያው ጥይት ከባድ ነው። ካዝናውን ለማውጣት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የአስተማማኝነት ጉድለት አይደለም።

ቶካሬቭ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ወጥቶ በ1933 ተሻሻለ። አሠራሩ ከብራውኒንግ የተወሰደ ነው፤ አፈሙዙና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ወደ ኋላ ከሄዱ በኋላ ይለያያሉ፤ ስለዚህም ኃይለኛ ጥይት ይችላል። ጥይቱ 7.62 በ25 (ውፍረቱና የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር) ሲሆን አንገቱ ጠበብ ያለ ነው፤ ጠባብ ነገር ሰፊ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ስለማይቸገር በደንብ ይጎርሳል። ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። ቅድም ስስ ቆርቆሮ ያልኳችሁን የካዝና ከንፈር ቶካሬቭ አላመነውም። ጥይቱን ወደ ጉሮሮው የሚመሩትን ከንፈሮች ከመምቻው ጋር አንድ ላይ ከሚወጣው ጠንካራ ብረት ላይ ቀርጾ አወጣቸው። ስለዚህ ካዝናው ጥቂት ቢጣመምም ሽጉጡ መጉረሱን አያቆምም። ይህን ሲነድፍ ካዝና በጦር ሜዳ ምን ምን እንደሚያገኘው ያሰበ ሰው ነው።

እንዲህም ሆኖ ቶካሬቭን ለጥበቃ ሥራ አልመክርም። አስተማማኝ ማለት ስትፈልገው የሚተኩስ፣ ሳትፈልገው የማይተኩስ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም። ቶካሬቭ መቆለፊያ የለውም። ያለው መምቻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ማቆሚያ ብቻ ነው። ጎርሶ ሳለ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ቶካሬቭ ያላችሁ ጉሮሮው ባዶ ሆኖ ብቻ ያዙት።

ይህ የድሮ ሽጉጥ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2017 ለጦራቸው የመረጡት ሲግ የተባለው ፋብሪካ የሠራው ፒ 320፣ በዚያው ዓመት ለሲቪል የሚሸጠው ዓይነት በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ እንደሚተኩስ ታይቶ ፋብሪካው ምላጩንና ሌሎች ክፍሎቹን በነፃ እቀይራለሁ ብሏል። በጦሩ ሙከራም ሽጉጡ የመጨረሻውን ጥይት ተኩሶ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ተከፍቶ መቆም ሲገባው የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሲመረመር ምክንያቱ የተኳሹ አውራ ጣት ሆኖ ተገኘ፤ ማቆሚያው ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበርና። እጅም የመሣሪያው ክፍል ነው። አንድ ሽጉጥ ለአንዱ ሰው እየሠራ ለሌላው የሚቀረቀር ከሆነ ሽጉጡን ከመውቀሳችሁ በፊት ሁለቱ ሰዎች እንዴት እንደሚይዙት እዩ።

ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው፣ በየቤቱ የቀሩ ትናንሽ ቤሬታ 1934ዎችም አሉ። አርበኞች ከመኮንኖቹ ማርከው የያዟቸው ናቸው፤ ለቤተሰቡ ታላቅ ቅርስ ናቸው። የተንሸራታቹ ላይኛው ክፍል ሰፊ ክፍት ስለሆነ ቀለሃው ሳይደናቀፍ ይወጣል፤ በዘመኑ ጥሩ ሽጉጥ ነበር። ግን ሞላው የ80 ዓመት አዛውንት ነው። ቅርስነቱን አክብሩለት፤ ሥራ አታሰሩት።

የዚህ ቤሬታ የልጅ ልጅ የሆነው ቤሬታ 92 እ.ኤ.አ. በ1985 የኮልቱን ቦታ በአሜሪካ ጦር ወሰደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ጥይት ከተኮሱት አንዳንዶቹ ላይ ተንሸራታቹ ተሰብሮ ወደ ተኳሹ ፊት ተወረወረ። ፋብሪካው የመምቻውን ዘንግ ራስ አስፍቶ፣ ተንሸራታቹ ቢሰበር እንኳ ወደ ኋላ እንዳይወጣ አደረገው። በኋላ ኢራቅ ውስጥ ያው ሽጉጥ በአሸዋ እየተቀረቀረ ብዙ ስሞታ መጣበት። ጥፋቱ የማን ሆነ? የካዝናው። ለሠራዊቱ በጨረታ የተሠሩት ካዝናዎች ውስጣቸው ሻካራ ሽፋን ተቀብቶ አሸዋውን ይዞ ያስቀር ነበር። ካዝናው ሲለሰልስ ችግሩ ቀነሰ። ቅድም ካዝናውን ቁጠሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ግሎክ 17ን የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 ተቀበለው። አካሉ ፕላስቲክ ነው ብለው ብዙዎች ናቁት። ክፍሎቹ 34 ብቻ ናቸው፤ 17 ጥይት ይይዛል። ተንሸራታቹ የሚሄደው በፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን በውስጡ በተቀበሩ አራት ትናንሽ ብረቶች ላይ ስለሆነ ጭቃና አቧራ የሚይዝበት ቦታ ጥቂት ነው። ዛሬ ከሚሠሩት ሽጉጦች ሁሉ በብዙ እጅ፣ በብዙ አገርና በብዙ ጥይት የተፈተነ ስለሆነ በፋብሪካ ጥይቱ፣ በራሱ ካዝና ከተሠራበት በአስተማማኝነት ከማካሮቭ አያንስም። ነገር ግን በጎኑ መቆለፊያ የለውም፤ ጥበቃው ምላጩ ላይና በውስጡ ነው። ያረጀ፣ የተልፈሰፈሰ የቆዳ ማኅደር ጠርዙ ታጥፎ ምላጩ ውስጥ ቢገባና ሽጉጡን ብትጫኑት ይተኩሳል። ግሎክ የያዘ ሰው ጠንካራ ማኅደር ይግዛ፤ ጣቱንም ከምላጭ ውጭ ማሳደር ይልመድ።

አሁን ስለ አገራችን ልናገር፤ ይህ በየትኛውም የፋብሪካ መመሪያ ላይ አልተጻፈምና። እዚህ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው ወፍራም ግራሶ የተቀባ ሽጉጥ ውስጥ ግራሶው ይጠጥራል፤ ተንሸራታቹ ይሰንፋል፤ የመርፌው ምት ይደክማል። ከዚህ ተነሥታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትጓዙ 1,500 ሜትር ያህል ወርዳችኋል። እዚያ ሙቀትና አቧራ ነው። ያው ግራሶ አሁን ቀልጦ አቧራውን እንደ ሊጥ ያቦካዋል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሽጉጥ፣ በአንድ ቅባት ሁለት ተቃራኒ ችግር። ስለዚህ የእኔ ምክር ቀጭን የማሽን ዘይት፣ ያውም በጥቂቱ ነው፤ በጨርቅ ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ የተጠረገ፣ ጣት ሲነካው ብቻ የሚታወቅ። ጉሮሮውና ካዝናው ውስጥ ግን ደረቅ ይሁን፤ ዘይት ወደ ጥይቱ ቂጥ ገብቶ ሊያከሽፈው ይችላል።

ሌላው ጠል ነው። ሌሊቱን ውጭ በውርጭ ያደረ ሽጉጥ ጠዋት እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ላብ ያልበዋል። ወዲያው ማኅደር ውስጥ ከገባ ውኃው እዚያው ይቀራል፤ ቆዳውም እርጥበት ይይዛል። በዝገት የተበሉ ስንት ሽጉጦች አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ በአንድ ወገናቸው፣ ቆዳው በሚነካቸው በኩል። ቤት ስትገቡ ከማኅደሩ አውጡት፤ ላቡ ሲያበቃ ጥረጉት።

ጥይትን በተመለከተ አንድ ከባድ ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ። «9 ሚሊ ሜትር» ብሎ ጥይት የሚጠይቅ ሰው ገና ምንም አልተናገረም። የድሮው ቤሬታ 9 በ17 ነው፤ ማካሮቭ 9 በ18፤ ግሎክ 9 በ19። ሦስቱም በመዳፍ ላይ ሲታዩ መንትዮች ይመስላሉ። የማካሮቭ አረር ግን ከሌሎቹ በጥቂቱ ይወፍራል። የተቀላቀለ ጥይት የያዘ ካዝና የተቀረቀረበትን ሽጉጥ «ከሻፊ» ብሎ መስደብ ግፍ ነው። በድሮ የምሥራቅ አገሮች የተሠራ ብዙ የቶካሬቭ ጥይት ደግሞ ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ያስቀራል። ያ ጨው በዘይት አይሟሟም፤ በውኃ ነው። በውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት ይቀባ።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። በኮንትሮባንድ ስለሚገቡ ሽጉጦች በዜና ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ከእነዚህ መካከል መጀመሪያውኑ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ አሉ። የብዙዎቹ አካል ደካማ ቅይጥ ብረት ነው፤ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት እንዲችል አልተሠራም። ይህ ከማካሮቭ ወይም ከግሎክ ጋር የሚወዳደር ሽጉጥ አይደለም፤ በእጃችሁ ላይ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። እባካችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ አትንኩት።

ከመጨረሴ በፊት፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ሰው መሣሪያ ሲያስረክብ መጀመሪያ ተንሸራታቹን ስቦ ጉሮሮውን ባዶ አደረገ፤ ቀጥሎ ካዝናውን አወጣ። ተንሸራታቹ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት አጉርሶ ነበር። ባዶ ነው ብሎ ምላጩን ሳበ፤ ጥይቱ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ ወለሉን በሳው። እግሬ ከዚያ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ሽጉጡ ፈጽሞ አልተሳሳተም። ካዝና መጀመሪያ፣ ተንሸራታች ቀጥሎ፣ ከዚያ ጉሮሮውን በዓይን ማየት፣ በጣትም መዳሰስ።

እንግዲህ ጥያቄያችሁን ልመልስ። ለእኛ አየር፣ ለእኛ ጥገናና በዓመት ጥቂት ለሚተኩስ ጥበቃ፣ በትክክለኛ ጥይቱ ማካሮቭን እመርጣለሁ። መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ጥይት፣ ጠንካራ ማኅደርና መደበኛ ልምምድ ካለው ግሎክ ይሻላል። ቶካሬቭ በንድፉ የማደንቀው፣ በወገባችሁ ላይ ግን የማልመኘው ነው።

የመንዙን አባት ሽጉጥ ሁለት ቀን በነጭ ጋዝ ዘፍዝፌ አጸዳሁት። መዋቅሩ ንጹሕ ነበር፤ ዝገት የለበትም። የኑግ ዘይቱ ይህን ያህል ጠብቆታል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከዚያ በተፈቀደ የልምምድ ቦታ፣ እሳቸውም ልጃቸውም ባሉበት፣ ካዝናዎቹን 1 እና 2 ብለን ጽፈን በእያንዳንዳቸው 40 ጥይት ተኮስንባቸው። ቁጥር 1 ሁሉንም ጨረሰ። ቁጥር 2 ሦስት ጊዜ ተቀረቀረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰባተኛው ጥይት ላይ። አባትየው ሰባተኛው ላይ ሲቆም ሁልጊዜ ቀድመው ይቆጥሩ ጀመር። 30 ዓመት ሙሉ ያ ካዝና ከሁለት ጥይት በላይ ተተኩሶበት አያውቅም ነበርና ማንም ሰባተኛውን አላየውም። ከንፈሩን አየሁት፤ በግራ በኩል እንደ ጥፍር ጫፍ ታጥፏል። በወረቀት ጠቀለልኩትና ለልጃቸው ሳይሆን ለእሳቸው መልሼ ሰጠኋቸው። «ይህን እኔ ጋ አስቀምጠዋለሁ» አሉና ከኪሳቸው ከተቱት።